እርሳስና መዳብ በቧንቧ ውኃ፦ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ጉዳይ

ባሕር ዳር ጣናን ተደግፋ ብትቀመጥም የቧንቧ ውኃዋ በብዛት ከምንጭና ከጥልቅ ጉድጓድ ተስቦ፣ ክሎሪን ተጨምሮበት የሚሰራጭ ነው። ጉድጓዱ አፍ ላይ የተደረገ ምርመራ ግን ስለ እርሳስና መዳብ የሚነግረን ጥቂት ነው። ሁለቱ ባብዛኛው የሚገቡት ውኃው ቆጣሪውን ካለፈ በኋላ ነው፤ ከናስ መክፈቻና መዝጊያ፣ ከእርሳስ ብየዳ፣ ከቦይለር የመዳብ ጥቅልል፣ ከአሮጌ ጋልቫናይዝድ ቧንቧ። ቧንቧው የተለበጠበት ዚንክ ራሱ ጥቂት እርሳስ ሊኖረው ይችላል፤ ዝገቱም ከሌላ ቦታ የመጣውን እርሳስ አጠራቅሞ ያቆያል። (የተማሪው እርሳስ እዚህ የለበትም፤ ልቡ ግራፋይት ነው።)

መዳብ ሲበዛ ራሱን ያጋልጣል፦ ምላስ ላይ የብረት ጣዕም፣ መታጠቢያው ላይ አረንጓዴ ሰማያዊ ምልክት፣ ሲብስም ማቅለሽለሽና የሆድ ቁርጠት። እርሳስ ግን ጣዕምም ሽታም ቀለምም የለውም። የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ ጉዳት የለውም የሚባል መጠንም አልተገኘለትም።

በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ጣሪያው በሊትር 0.01 ሚሊግራም እርሳስና 2 ሚሊግራም መዳብ ነው፤ የኢትዮጵያ የመጠጥ ውኃ ደረጃም እነዚሁን ቁጥሮች ይዟል። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የአሜሪካ ደንብ አካሄዱ ይለያል። ለምሳሌ ከ60 ቤቶች የተወሰደ ውጤት ከትንሽ ወደ ትልቅ ይደረደርና 54ኛው ይታያል፤ እሱ ከ0.015 ሚሊግራም እርሳስ ወይም ከ1.3 ሚሊግራም መዳብ ካለፈ ውኃ አቅራቢው እርምጃ መውሰድ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2024 የተሻሻለው ደንብ የእርሳሱን ወደ 0.010 አውርዶታል። ይህ ስሌት ከተማን እንጂ ቤትን አይጠብቅም፤ ከፍተኛው ቤት ምንም ያህል ቢያሳይ 54ኛው ደህና ከሆነ ከተማው ያልፋል።

ስሕተት የሚበዛው ናሙና አወሳሰድ ላይ ነው። ውኃው ቧንቧው ውስጥ ቢያንስ 6 ሰዓት መቆም አለበት። ማታ 4 ሰዓት ከተዘጋ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ማንም እጁን ሳይታጠብ፣ አፈ ሰፊ የ1 ሊትር ጠርሙስ ከማእድ ቤቱ ቀዝቃዛ ቧንቧ የመጀመሪያውን ውኃ ይቀበላል። ቀድሞ ማፍሰስ፣ የቧንቧውን አፍ ወንፊት መፍታት ወይም በቀጭኑ መክፈት ውጤቱን ያሳምረዋል፤ እውነቱን ግን ይደብቃል። ላቦራቶሪው ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን፤ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ2 በታች እስኪያደርስ ናይትሪክ አሲድ ጨምሮ ቢያንስ 16 ሰዓት ያቆየዋል፤ ያለዚያ ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ የተጣበቀው እርሳስ ሳይቆጠር ይቀራል።

ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ሌላ ጣጣ አለው። ጠፍቶ ሲመለስ ዝገቱ በግፊቱ ተላቅቆ ቀላ ያለ ውኃ ይወርዳል፤ አንዱ ጠርሙስ የእርሳስ ቅንጣት ሊይዝ፣ ቀጣዩ ባዶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ውኃው የተመለሰበት ሰዓት ቅጹ ላይ ይጻፍ። ማእድ ቤቱ ከሮቶ የሚቀዳ ከሆነም ናሙናው የሚናገረው ስለ ሮቶውና ከሱ ወዲህ ስላለው መስመር ነው፤ ሮቶ ሳይገባ ከሚቀዳው የግቢ ቧንቧ ሁለተኛ ጠርሙስ መውሰድ ያስፈልጋል።

አቅራቢው በእጁ ያለው መሣሪያ የውኃው ጠባይ ነው። ፒኤቹ ከ7 ሲወርድ እርሳስና መዳብ በቀላሉ ይሟሟሉ፤ በኖራ ወይም በሶዳ አሽ ከፍ ይደረጋል። ኦርቶፎስፌት የተባለው መድኃኒት ደግሞ የቧንቧውን ውስጥ በስስ ሽፋን ይለብጠዋል። የአሜሪካዋ ፍሊንት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 ምንጯን ወደ ወንዝ ስትቀይር ይህን መድኃኒት ሳትጨምር ቀረች፤ ሽፋኑ ተበላ፣ እርሳሱ ወጣ። የጉድጓድ ውኃ የለመደ መስመር ላይ የሐይቅ ውኃ ለመልቀቅ የሚያስብ ከተማም ከአሮጌው ቧንቧ ቁራጭ ቆርጦ በአዲሱ ውኃ ቀድሞ መሞከር አለበት።

ቤት ውስጥ፣ የግማሽ ኢንች ቧንቧ በሜትር 0.2 ሊትር ያህል ይይዛል። ከቆጣሪው እስከ ማእድ ቤት 20 ሜትር ቢሆን ያደረው ውኃ 4 ሊትር ነው፤ ከሮቶ የሚቀዳ ከሮቶው ይቁጠር። ያ ውኃ ለወለልና ለልብስ ይሁን፤ ጀበናው ከዚያ በኋላ ይሞላ። ማፍላት እርሳስን አያወጣም፣ ውኃው ሲተን እንዲያውም ይወፍራል። ውኃ አጋርም የሚገድለው ጀርም ነው። ከቦይለር ለመጠጥ አይቀዳም። የቧንቧው አፍ ወንፊት በየወሩ ተፈትቶ ይታጠብ፤ እዚያ የሚገኘው ግራጫ ወይም ቀይ ፍርፋሪ ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል።