የማለፊያ ነጥብ ምንድን ነው? «50 ያመጣ ይለፍ» ከማለታችን በፊት

አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። ሀዋሳ፣ ሐይቁ አካባቢ ምግብ ቤት አለው። ሁለት ካሸር ሊቀጥር ነው። ማስታወቂያ ለጥፏል፣ 31 ሰው ተመዝግቧል፣ 20 ጥያቄ ያለው ፈተናም አዘጋጅቷል። አንድ ነገር ብቻ ቀርቶታል።

«ስማ፣ ማለፊያው 50 ነው አይደል?»

«ለምን 50?»

«እንዴ! 50 ነዋ።»

አልፈርድበትም። ሁላችንም ከትምህርት ቤት ይዘነው የወጣነው ቁጥር ነው። የ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ አገሩ ሁሉ ያወራው ከ50 በመቶ በላይ ስላመጡት 3.3 በመቶ ተማሪዎች ነበር። የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተናም ማለፊያው 50 ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሰው ቀጣሪ ሲሆን እጁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ 50 ነው።

የማለፊያ ነጥብ ማለት ግን «ከዚህ በላይ ያለው ሥራውን ይችላል፣ ከዚህ በታች ያለው ገና ነው» ብለን የምናሰምረው መስመር ነው። መስመሩ ፈተናው ላይ ይሰመር እንጂ የሚናገረው ስለ ሥራው ነው። 50 ስለ ሥራው ምን ይላል? ምንም። 20ዎቹም ጥያቄዎች ተራ መደመርና መቀነስ ከሆኑ፣ አሥሩን የሳተ ሰው ገንዘብ መሳቢያ ጋ መቀመጥ የለበትም። ሁሉም ሂሳብ ሹም የሚያላቡ ከሆኑ ደግሞ አሥር ያገኘ ካሸር ጎበዝ ነው።

ምርጫ ያለው ፈተና ከሆነ ነገሩ ይብሳል። አራት አራት ምርጫ ካለው፣ ከ20ው ሰባቱን ብቻ የሚያውቅ ሰው የቀሩትን 13 ዝም ብሎ ቢያጠቁር በአማካይ ሦስት ያህል ይመታል። ሰባትና ሦስት አሥር። ሥራውን ሲሶ የሚያውቅ ሰው 50 ደፈነ ማለት ነው።

ሌላው የሚምታታው ማለፊያና መቁረጫ ነው። መቁረጫ ነጥብ የሚወጣው ባለው ቦታ ልክ ነው። ሁለት ክፍት ቦታ ካለ፣ ከላይ ሁለቱን ወስደህ ሦስተኛው ላይ ትቆርጣለህ። ዘንድሮ ጎበዞች ከመጡ መቁረጫው 18 ይሆናል፣ በሚቀጥለው ዓመት 11 ሊሆን ይችላል። ማለፊያ ግን በመጣው ሰው ብዛት ከፍ ዝቅ አይልም። ሰባት ሰው ቢያልፍም፣ ማንም ባያልፍም እዚያው ነው። ሁለቱም ቦታ ቦታ አላቸው፤ መጀመሪያ ማለፊያው ያጣራል፣ ካለፉት መካከል ደግሞ ውድድሩ ይቆርጣል። መቁረጫውን ማለፊያ ብሎ የሚጠራ ቀጣሪ ግን የማይችል ሰው ቀጥሮ «ፈተናውን አልፏል» ሲል ይገኛል። ከማይችሉት መካከል አንደኛ ወጥቶ ሊሆን ይችላል እኮ።

ይህን ጉዳይ እንዲህ የያዝኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ተመርቄ ሥራ ስፈልግ አንድ መሥሪያ ቤት የጽሑፍ ፈተና ተቀምጬ ነበር። ማለፊያው ስንት እንደሆነ የነገረን አልነበረም። ውጤቱ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ፤ 58 ይላል ከስሜ ፊት ለፊት። ማለፊያውን ስንጠይቅ «60 ነው» ተባልን። እሺ ብዬ ሄድኩ። ከወር በኋላ 52 ያመጣ ልጅ እዚያው ቢሮ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ሰው ነበረው ይሁን ሌላ፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ያወቅኩት ነገር ቢኖር ውጤት ታይቶ የሚወጣ ማለፊያ ለማንም እንደሚመች ተደርጎ ሊሰፋ እንደሚችል ነው። ስለዚህ ለወዳጄ የነገርኩት የመጀመሪያው ነገር፣ ፈተናው ከመሰጠቱ በፊት ቁጥሩ ወረቀት ላይ ይስፈር፣ ተፈታኞችም ይወቁት የሚል ነበር።

ግን ቁጥሩ ከየት ይምጣ? በዓለም ላይ ብዙ ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ የአንጎፍ ዘዴ ይባላል። ዊልያም አንጎፍ አሜሪካዊ የፈተና ባለሙያ ነበር፤ ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ1971 በታተመ የትምህርት ምዘና መጽሐፍ ውስጥ ባለ ምዕራፉ ላይ ወጣ። የሚገርመው፣ የሰፈረው በግርጌ ማስታወሻ መልክ ጭምር መሆኑ ነው። ዛሬ ስንቱ የሙያ ፈቃድ ፈተና በዚያች ሐሳብ ይሠራል።

ዘዴው እንዲህ ነው። ሥራውን በደንብ የሚያውቁ ሰዎች ትሰበስባለህ። «አንድ ካሸር በዓይነ ሕሊናችሁ አምጡ» ትላቸዋለህ። ጎበዝ አይደለም፣ ሰነፍም አይደለም፤ ለጥቂት የሚበቃ ነው። ብትቀጥረው አታፍርበትም፣ ከዚህ ትንሽ ቢያንስ ግን አትቀጥረውም። «እንዲህ ያሉ 100 ሰዎች ቢሰለፉ፣ ይህን ጥያቄ ስንቱ ይመልሱታል?» ብለህ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ትጠይቃለህ። እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ይጽፋል፣ ከዚያ ይወያያሉ፣ ሐሳቡን መቀየር የፈለገ ይቀይራል። በመጨረሻ የየጥያቄውን አማካይ ለ100 አካፍለህ ትደምራለህ። ድምሩ ማለፊያ ነጥብህ ነው።

ወዳጄ ሦስት ሰው ጠራ። ዋና ካሸሯን፣ በሳምንት ሁለቴ የሚመጡትን ሂሳብ ሹም (እሳቸውን ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚላቸው) እና የአስተናጋጆቹን ኃላፊ። ከሰዓት በኋላ ምግብ ቤቱ ጭር ሲል አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን።

የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ነበር። ደንበኛው 735 ብር በልቶ 1,000 ብር ሰጠ፤ መልሱ ስንት ነው? 265። ዋና ካሸሯ 95 ጻፈች፣ ጋሼ 90፣ ኃላፊው 85። አማካዩ 90 ነው፤ ይህ ጥያቄ ለድምሩ 0.9 አዋጣ ማለት ነው። እንዲህ እንዲህ እያልን ሄድን። ቡና መጣ፣ ሁለተኛም ተቀዳ።

ጥያቄ 14 ላይ ስንደርስ ግን ቆምን። «ከነቫቱ 460 ብር የሆነ ሂሳብ ያለ ቫት ስንት ነው?» ይላል። መልሱ 400 ነው፤ 460ን ለ1.15 ማካፈል ነው። ብዙ ሰው ግን የ460ን 15 በመቶ፣ ማለትም 69 ቀንሶ 391 ይላል። ጋሼ 90 ጻፉ። ኃላፊው 60። ዋና ካሸሯ 30።

«30?» አሉ ጋሼ። «ይህን የማይመልስ ካሸር ይባላል?»

«ጋሼ፣ እኔ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፣ አንድም ቀን በእጄ አስልቼው አላውቅም። ማሽኑ ነው የሚያወጣው።»

ጋሼ ዝም አሉ። ከዚያ ሳቁ። እውነቷን ነው፤ ያ ሒሳብ የእሳቸው ሥራ እንጂ የእሷ አይደለም። ጥያቄ 14 ተሰረዘ።

እኔ የዚህን ዘዴ ትልቁን ጥቅም ያየሁት እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። ቁጥር ፍለጋ ገብተህ ጥያቄውን ራሱን ትመረምራለህ። ሦስቱም 90፣ 60፣ 30 እያሉ የሚበታተኑበት ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የሚነግርህ ነገር አለው፤ ወይ ጥያቄው አሻሚ ነው፣ ወይ ሥራው ምን እንደሆነ እናንተው አልተስማማችሁም። የወዳጄ ፈተና ውስጥ ሁለት ጥያቄ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ነበር፤ ከኢንተርኔት ነው የወሰደው። እነሱም ወደ አማርኛ ተመለሱ፤ እንዳሉ ቢቀሩ የሚለኩት እንግሊዝኛ እንጂ ሂሳብ አይደለም።

በ19ኙ ጥያቄዎች ድምሩ 12.7 መጣ። ማለፊያው 13 ሆነ። ከመቶ ሲሰላ 68 ከምናምን ነው፤ ይህን አንድም ሰው ከኪሱ አላወጣውም።

ዘዴው እንከን የለውም አልልም። ሦስት ሰው ጥቂት ነው፤ ትልልቅ ፈተናዎች ላይ አሥርና ከዚያ በላይ ይሰበሰባሉ። ባለሙያ ደግሞ ይረሳል፤ ሥራውን ሲጀምር ምን ያህል እንደተቸገረ ረስቶ ሁሉም ነገር ቀላል ይመስለዋል፣ ማለፊያውን ሰማይ ይሰቅለዋል። ለዚህ ማርከሻው ቀላል ነው። ፈተናውን አሁን ለሚሠሩት ሠራተኞችህ ስጣቸው። አንተም ደንበኛም የምታመሰግኗት ካሸር 11 ካመጣች፣ 13 የሚለው ማለፊያህ እሷን ራሷን ሊጥላት ነበር። ያኔ የተሳሳተችው እሷ ናት ወይስ ወረቀቱ? እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ወረቀቱን ነው። ሰፋ ያለ ድርጅት ከሆነ ይህ ራሱን የቻለ ዘዴ ነው፤ ጎበዞቹን ባንድ ወገን፣ ደካሞቹን በሌላ ወገን አድርገህ የሁለቱ ውጤት የሚለያይበትን ቦታ መፈለግ።

ሥራው የእጅ ከሆነ ደግሞ ወረቀቱን ተወው። ሀዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ሄዳችሁ ዓሣ የሚበልቱትን ልጆች አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቆሮሶዋን ገልበጥ፣ ሸርተት፣ ሁለት ጊዜ ቢላ፣ አለቀ። እዚያ «ፊሌቶ ማውጣት ማለት ሀ...» ብሎ ምርጫ የሚያቀርብ ሰው መሳቂያ ነው የሚሆነው። ማለፊያው ስንት ዓሣ በስንት ደቂቃ፣ አጥንቱ ላይ የቀረው ሥጋስ ምን ያህል ነው የሚል ይሆናል። ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የልብስ ስፌት መኪና ላይ ለምትቀመጥ ልጅም ያው ነው፤ የሚለካው የእጇ ቅልጥፍና ነው። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1948 ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ፣ ቀዳዳ ያለው ሰሌዳ ላይ ትንንሽ ችንካር በጊዜ የሚሰካበት ፈተና እስከ ዛሬ አለ።

አሁን ወደ 13 እንመለስ። 12 ያመጣችው ልጅ ወደቀች፣ 13 ያመጣው አለፈ። በመካከላቸው በእርግጥ ልዩነት አለ? አንድ ሰው ያንኑ ፈተና ዛሬና ነገ ቢወስድ እኩል አያመጣም። እንቅልፍ አለ፣ ድንጋጤ አለ፣ ባጃጅ አጥቶ እየሮጠ የመጣ አለ። ይህ የመለኪያ ስህተት ይባላል፣ ሊሰላም ይችላል። ለምሳሌ የተፈታኞች ውጤት መደበኛ ልይይት (ውጤቶቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚያሳየው ቁጥር) 3 ቢሆን፣ የፈተናው አስተማማኝነት (ከ0 እስከ 1 የሚለካ ነው) ደግሞ 0.84 ቢሆን፣ ስህተቱ 1.2 ነጥብ ይሆናል። እንግዲህ በ12ና በ13 መካከል ያለው ልዩነት ከስህተቱ ያነሰ ነው። ወዳጄን «ከ12 እስከ 14 ያመጡትን ሁሉ አንድ አድርገህ እያቸው፣ ግማሽ ሰዓት ማሽኑ ላይ አስቀምጣቸው» አልኩት። አስቀመጣቸው። 12 ያመጣች አንዲት ልጅ ከሁሉም ፈጠነች።

በየትኛው በኩል መሳሳት ይሻላል የሚለውም ጥያቄ አለ። የማይችለውን በስህተት ማሳለፍ ይከፋል ወይስ የሚችለውን በስህተት መጣል? ነርስ ከሆነች መጣሉ ይሻላል፣ ማለፊያውን ከፍ አድርገው። ካሸር ግን ሌላ ማጣሪያ አለው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀናት ነው። በ60 ቀን ውስጥ ገንዘብ መሳቢያው ራሱ ይናገራል። ስለዚህ ማለፊያውን በትንሹ ዝቅ ማድረግ የሚጎዳ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። ቁጥሩ ሁሉንም እኩል ይነካል ወይ የሚለውን ማየት አለብህ። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጡት የቅጥር መመሪያ ውስጥ አንድ መመዘኛ አለ፤ የአንዱ ቡድን የማለፍ መጠን፣ ከሁሉም በላይ ካለፈው ቡድን መጠን አራት አምስተኛ (80 በመቶ) በታች ከሆነ፣ ቆም በል ይላል። ከ40 ሴቶች 20 ቢያልፉ 50 በመቶ ነው። ከ30 ወንዶች 24 ቢያልፉ 80 በመቶ። 50 ለ80 ሲካፈል 62.5 በመቶ፤ ከ80 በታች ነው። ይህ ፈተናው አዳልቷል የሚል ፍርድ አይደለም፤ ጥያቄዎቹን መልሰህ እያቸው የሚል ደወል ነው። የእኛ ሕግ ይህን ስሌት አያዝም፤ በፆታ፣ በሃይማኖትና በመሳሰሉት ማዳላትን ግን ይከለክላል፣ ስሌቱም ማንንም አይጎዳም። እንደ ወዳጄ 31 ሰው ብቻ ከፈተንክ ግን ቁጥሩ ያወዛውዝሃል፤ የሁለት ሰው ልዩነት ብዙ በመቶ ያዛባል።

ሁለቱ ካሸሮች ሥራ ጀመሩ። አንዷ ያቺ 12 ያመጣችው ናት። ቆየት ብሎ ወዳጄ እንደገና ደወለ። ቅርንጫፍ ሊከፍት ነው፣ ሌሎች ካሸሮች ይፈልጋል።

«ጥያቄዎቹ በከተማው ተሰራጭተዋል፣ ሙሉ በሙሉ ቀየርኳቸው» አለኝ። «ማለፊያው ግን ያው 13 ነው አይደል?»

«ጋሼ መቼ ነው የሚመጡት?» አልኩት።