«ፍጹማን ሁኑ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ደሴ፣ ቡና ላይ ነን። አንዲት እናት ስኒያቸውን እንደያዙ «ልጄ፣ ፍጹማን ሁኑ ይላል። እኔ ትናንት እንኳ ጎረቤቴን ተቆጥቻለሁ። በምን አፌ ልቁረብ?» አሉኝ። ብዙ ሰው እዚህ ቃል ላይ ይሰናከላል።

ቃሉ ያለው ማቴዎስ 5፥48 ላይ ነው። በግሪኩ «ቴሌዮስ» ይባላል። ግቡ ላይ የደረሰ፣ የበሰለ፣ ሙሉ የሆነ ማለት ነው። ከቁጥር 43 ጀምሮ ሲነበብ ደግሞ ይበልጥ ይገባል፤ ጠላቶቻችሁን ውደዱ፣ አባታችሁ ፀሐዩን ለክፉውም ለደጉም ያወጣልና ይላል። ጠዋት ጦሳ ተራራ ላይ የምታርፈው ፀሐይ የማንን ቤት መርጣ ታውቃለች? ለወዳጅ ብቻ የሚሆን ፍቅር ጎዶሎ ነው። ፍጹምነት የተጣላነውን ሰው ጭምር ሲያቅፍ ነው። ሉቃስ በተቀራራቢ ቦታ (6፥36) «ርኅሩኆች ሁኑ» ብሎ ጽፎታል።

ቅድስናም ለእግዚአብሔር መለየት ነው። መለየቱ አንድ ቀን ይጀመራል፤ መብሰሉ ዕድሜ ይፈልጋል። ጳውሎስ ራሱ ገና ፍጹም እንዳልሆነ፣ ግን እየሮጠ እንደሆነ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ጽፏል (3፥12)። ለወደቀ ደግሞ ንስሐ አለ።

እኚያ እናት ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ ልጃቸውን ጠርተው ወደ ጎረቤታቸው ላኩት፤ «ሂድ፣ ቡና ደርሷል ነይ በላት።»