የመጀመሪያው የቆሽት መቆጣት፣ ከአዲስ አበባ ዳር ሆኖ ሲታይ

ኮዬ ፈጬ ወይም የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንድ ሰው ሌሊት ሆዱን ይዞ ቢነሣ፣ ከጎረቤት መጀመሪያ የሚሰማው «ጨጓራህ ነው» የሚል ነው። ተልባ ይበጠበጣል። ከቤት የተገኘ ኦሚፕራዞል ይዋጣል። ብዙ ጊዜ ግምቱ ልክ ይሆናል። ድንገተኛ የቆሽት መቆጣት ግን በዚሁ በጨጓራ ስም ተሸፍኖ ሊያድር ይችላል፤ ተልባም ኦሚፕራዞልም አይመልሱትም።

ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ የተጋደመ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም አካል ነው። ኢንሱሊን ያመርታል፤ ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞችንም ወደ አንጀት ይልካል። ሲቆጣ ኢንዛይሞቹ አንጀት ሳይደርሱ እዚያው ሥራ ስለሚጀምሩ ራሱን ቆሽቱን ይጎዱታል።

ሕመሙ ከእምብርት በላይ ይጀምርና ብዙ ጊዜ ወደ ጀርባ ይዘልቃል። በጀርባ ሲተኙ ይብሳል፤ ጎንበስ ሲሉ ትንሽ ይቀላል። ባጃጅ ውስጥ የፊቱን መቀመጫ አቅፎ፣ ኮብልስቶኑ ባንገጫገጨው ቁጥር የሚያቃስት በሽተኛ ያየ ሰው አይረሳውም። ትውከቱ ደግሞ አስመልሰውም ፋታ አይሰጥም። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ትኩሳት ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ፣ ሽንት ከቀነሰ ንጋትን መጠበቅ አያስፈልግም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

ዋናዎቹ መንስኤዎች የሐሞት ጠጠርና መጠጥ ናቸው። እዚህ ላይ ሰፈሩ ይቸኩላል፦ ቆሽት ከተባለ አረቄ ነው ይላል። ጠብታ ቀምሰው የማያውቁ እናት ግን ከሐሞት ከረጢት ወርዳ የቆሽት ፈሳሽ የሚወጣበትን ቱቦ በዘጋች ትንሽ ጠጠር ሊታመሙ ይችላሉ። በደም ያለ ትራይግሊሰራይድ የሚባል ስብ ከ1,000 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ሲያልፍ፣ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ አልፎ አልፎም ወደ ቱቦው የገባ ወስፋት ያስከትሉታል።

ሐኪም ከሦስት ነገሮች ሁለቱን ካገኘ በሽታውን ያረጋግጣል፦ የታወቀው ዓይነት ሕመም፣ ከጤናማው ጣሪያ ቢያንስ 3 እጥፍ የሆነ ላይፔዝ ወይም አሚሌዝ (በደም ምርመራ የሚለኩ ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞች)፣ እንዲሁም በምስል ምርመራ ቆሽቱ ላይ የታየ ለውጥ። ይህ በአብዛኛው ከጤና ጣቢያ አቅም በላይ ስለሆነ ሪፈር ይጻፋል። በአቃቂ ቃሊቲ በኩል ላለ ሰው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ይቀርባል።

ሕክምናው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ቆሽትን በቀጥታ የሚያድን ክኒን የለም። በደም ሥር ፈሳሽ ይሰጣል፣ ሰዉ ጉሉኮስ የሚለው መሆኑ ነው። ማስታገሻም ይሰጣል። ድሮ ለቀናት ምግብ ይከለከል ነበር፤ አሁን ትውከቱ ጋብ ካለ በ24 ሰዓት ውስጥ ቅባት የሌለው ቀላል ምግብ ማስጀመር ይመረጣል። አስታማሚዎች «አንቲባዮቲክ ለምን አልታዘዘም?» ብለው ይከራከራሉ፤ ኢንፌክሽን ከሌለ ግን አይጠቅምም። ከ10 ሰው 8ቱ ገደማ ቀላሉ ዓይነት ይይዛቸውና በሳምንት ውስጥ ያገግማሉ። በቀሩት ላይ ኩላሊትና ሳንባ ሊጎዳ፣ ሕይወትም ሊያልፍ ይችላል።

ትልቁ ስሕተት ሕመሙ ስለቆመ ብቻ መንስኤውን ሳያውቁ ወደ ቤት መሄድ ነው። የሐሞት ከረጢት አልትራሳውንድ ሳይነሡ መውጣት አይገባም። ጠጠር ከተገኘ፣ ሕመሙ ቀላል ከነበረ፣ ከረጢቱ እዚያው ተኝተው ሳሉ ቢወጣ ይመረጣል። ቀዶ ሕክምናው በወረፋ ከዘገየ ቅባት መቀነስ ግድ ነው፤ የፋሲካው ክትፎም ይቆይ። መንስኤው መጠጥ ከሆነ ጠጅም ጠላም ቢራም አንድ ናቸው፤ ሲጋራም አብሮ ይቆማል። ድካሙ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ቆሽቱ ኢንሱሊን የማምረት አቅሙ ሊቀንስ ስለሚችል በቀጠሮ ሲመለሱ የደም ስኳርም ይለካ።