ከኮሚኒቲ ኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ፦ የአሜሪካው የትራንስፈር መንገድ

አሜሪካ ውስጥ የባችለር ዲግሪ ለመያዝ አራቱንም ዓመት ዩኒቨርሲቲ መቀመጥ ግዴታ አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ሰፈር ካለ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ተምሮ፣ የቀረውን ሁለት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መጨረስ ይቻላል። በመጨረሻ የሚሰጠው ዲግሪ የዩኒቨርሲቲው ነው። ትምህርቱ የት እንደተጀመረ ዲግሪው ላይ አይጻፍም።

ነገሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1901 በኢሊኖይ ግዛት፣ ጆሊየት በምትባል ከተማ፣ የከተማዋ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኃላፊ ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ከዊልያም ሬይኒ ሃርፐር ጋር ተመካክሮ የኮሌጅ ትምህርት ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች 6 ነበሩ። ያ ትምህርት ቤት ዛሬ ጆሊየት ጁኒየር ኮሌጅ ይባላል። ሐሳቡ ተማሪው የመጀመሪያዎቹን የኮሌጅ ዓመታት ከቤቱ ሳይርቅ እንዲማርና ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲ እንዲያልፍ ነበር። የሙያ ሥልጠናው፣ የእንግሊዝኛው ክላስ፣ የማታ ትምህርቱ ኋላ የተጨመሩ ናቸው።

አሠራሩን በትልቁ የዘረጋችው ካሊፎርኒያ ናት። በ1960 ባወጣችው ማስተር ፕላን ትምህርቱን በሦስት ደረጃ ከፈለችው፦ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ የካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ እና ለሁሉም ክፍት የሆኑት ኮሚኒቲ ኮሌጆች። ዛሬ ኮሚኒቲ ኮሌጆቹ 116 ናቸው። የግዛቱ ነዋሪ ለአንድ ዩኒት (ክላስ የሚለካበት፣ ክሬዲትም የሚባለው) የሚከፍለው 46 ዶላር ነው። በአንድ ሴሚስተር 15 ዩኒት የሚወስድ ሰው 690 ዶላር ከፈለ ማለት ነው፤ መጽሐፉና የመኪና ማቆሚያው ለብቻ ነው። አንድ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ከሚያስከፍለው ጋር ሲተያይ ይህ ምንም ማለት አይደለም።

ተማሪው ሁሉ የሚጨነቀው «ይቀበሉኝ ይሆን?» እያለ ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ራስ የሚያዞረው ክሬዲቱ ነው። ዩኒቨርሲቲው ክሬዲቱን ተቀበለ ማለት ክሬዲቱ ለዲግሪው ተቆጠረ ማለት አይደለም። ሲቪል ምህንድስና ሊማር ያሰበ አንድ ተማሪ 60 ክሬዲት፣ ማለትም የሁለት ዓመት ትምህርት፣ ይዞ መጣ እንበል። ከውስጡ ሳይኮሎጂ አለ፣ የፊልም ታሪክ አለ፣ ለአርትስ ተማሪዎች የሚሰጥ ቀለል ያለ ሒሳብ አለ። ዩኒቨርሲቲው 60ውንም መዝገቡ ላይ ያሰፍርለታል። የምህንድስና ክፍሉ ግን «ካልኩለስህ የታለ? ፊዚክስህስ?» ይለዋል። የተረፈው ኢሌክቲቭ (የምርጫ ትምህርት) ተብሎ ጥግ ይያዝለታል። ካልኩለስ ደግሞ በተራ የሚወሰድ ነው፤ አንዱን ሳይጨርሱ ሁለት የለም፣ ሁለትን ሳይጨርሱ ሦስት የለም። ሦስተኛ ዓመት ነኝ ብሎ የገባው ልጅ ከጀማሪዎች ጋር ቁጭ ብሎ ሴሚስተር ይቆጥራል፣ በዩኒቨርሲቲ ዋጋ።

የአሜሪካ ኮንግረስ ኦዲት መሥሪያ ቤት በ2017 ባወጣው ሪፖርት ተማሪዎች ትምህርት ቤት ሲቀይሩ በአማካይ 43 በመቶ ያህል ክሬዲታቸው እንደሚቀር ገምቷል። ቁጥሩ ከኮሚኒቲ ኮሌጅ የሚሄዱትን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ዓይነት ዝውውር የሚመለከት ነው። ከመንግሥት ኮሌጅ ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ኪሳራው ይቀንሳል። ለትርፍ ከሚሠሩ የግል ኮሌጆች ሲሆን ግን በጣም የከፋ ነው።

መድኃኒቱ አርቲኩሌሽን የሚሉት ስምምነት ነው። ኮሌጁና ዩኒቨርሲቲው የትኛው ክላስ የትኛውን እንደሚተካ አስቀድመው ይስማማሉ። በካሊፎርኒያ ይህ ሁሉ አሲስት በሚባል ድረ ገጽ ላይ ለማንም ክፍት ነው። ተማሪው ኮሌጁን፣ የሚሄድበትን ዩኒቨርሲቲና ሜጀሩን (ዋና የትምህርት ዘርፉን) ይመርጣል። በግራ በኩል ዩኒቨርሲቲው የሚጠይቀው ኮርስ ይመጣል፣ በቀኝ በኩል ኮሌጁ ውስጥ ያለው አቻ። አንዳንዱ መስመር ላይ ሁለት የኮሌጅ ክላሶች «እና» በሚል ቃል ተያይዘው ይታያሉ፤ አንዱን ብቻ ወስዶ ከሄዱ ዋጋ የለውም። አንዳንዱ ላይ ደግሞ በቀኝ በኩል አቻ ኮርስ የለም ይላል። ያኔ ምርጫው ወይ ሌላ ኮሌጅ ሄዶ መውሰድ ነው፣ ወይ ዩኒቨርሲቲ እስኪገቡ መጠበቅ። ይህን ገጽ በመጀመሪያው ሴሚስተር ያየና በአራተኛው ሴሚስተር ያየ ተማሪ ዕድላቸው ለየቅል ነው። ስለዚህ መድረሻን ቀድሞ መምረጥና ከዚያ ወደ ኋላ እየቆጠሩ ክላስ መያዝ ይሻላል ባይ ነኝ። አድቫይዘር (የትምህርት አማካሪ) ይረዳል፤ ግን አንድ አድቫይዘር ስንቱን ተማሪ እንደሚይዝ ማሰብ ነው።

የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ታግ የሚባል የቅበላ ዋስትናም አለው። ከካምፓሶቹ ዴቪስ፣ ኧርቫይን፣ መርሴድ፣ ሪቨርሳይድ፣ ሳንታ ባርባራና ሳንታ ክሩዝ ይሰጣሉ። ተማሪው ከስድስቱ አንዱን ብቻ ይመርጣል፣ ማመልከቻውም በሴፕቴምበር ነው የሚገባው። በርክሌይ፣ ሎስ አንጀለስና ሳንዲዬጎ ዋስትና አይሰጡም። ቢሆንም እነሱም በትራንስፈር ከሚያስገቧቸው አብዛኞቹ ከግዛቱ ኮሚኒቲ ኮሌጆች የመጡ ናቸው።

ሌሎቹ ግዛቶች የየራሳቸው ወግ አላቸው። ፍሎሪዳ በመንግሥት ኮሌጆቿና ዩኒቨርሲቲዎቿ ውስጥ ተመሳሳይ ኮርሶች አንድ ዓይነት ቁጥር እንዲይዙ አድርጋለች፤ ለትራንስፈር የተዘጋጀውን አሶሺየት ኦፍ አርትስ የሚባል የሁለት ዓመት ዲግሪ የጨረሰም በአንዱ የግዛቱ ዩኒቨርሲቲ ቦታ አያጣም። የትኛው ዩኒቨርሲቲና የትኛው ሜጀር የሚለው ግን በዋስትናው ውስጥ የለም። በዋሽንግተን ግዛት ትምህርቱ በኳርተር (ከሴሚስተር አጠር ባለ የትምህርት ጊዜ) ስለሚሄድ መስፈርቱ 90 ክሬዲት ነው፤ በሴሚስተር ሲሰላ ያው 60 ነው። በቨርጂኒያ ኖቫ እየተባለ የሚጠራው የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ጋር በ2018 አድቫንስ የተባለ ፕሮግራም ጀምሯል። ተማሪው ገና ኖቫ እያለ ሜሰን የሚጨርሰው ዲግሪ ድረስ የሚወስዳቸው ክላሶች ተዘርዝረው ይሰጡታል፣ ከጅምሩ የሚከታተለው ሰውም ይመደብለታል። በእኔ እይታ ከማየው ሁሉ ጥሩ የታሰበው ይህ ነው።

ኖቫን ከጠቀስን ሐበሻውን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። በዲሲ ዙሪያ ያለ ኢትዮጵያዊ፣ አሌክሳንድሪያ ከሆነ ኖቫ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከሆነ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ዘመድ ወይ ጓደኛ አያጣም። ቀን ሥራ ውሎ ማታ ክላስ የሚገባው ብዙ ነው። ከአገር ቤት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ይዞ የመጣ ሰው ትራንስክሪፕቱን እንደ ደብሊውኢኤስ ባሉ ድርጅቶች ያስገመግማል፤ ሲያስገመግም በጠቅላላው ሳይሆን ኮርስ በኮርስ ቢሆን ይበጃል። ኮሌጁ የአገር ቤቱን ክሬዲት ቢቀበልም ዩኒቨርሲቲው በራሱ ዓይን እንደገና ያየዋል። ኮሌጁ ስለተቀበለ ብቻ እሱም ይቀበላል ብሎ ማሰብ አይገባም። የእንግሊዝኛ ማሻሻያና የሒሳብ ማካካሻ ክላሶችም በአብዛኛው ለዲግሪ አይቆጠሩም።

ገንዘቡ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ፋፍሳ የሚባለውን የርዳታ ማመልከቻ ሞልቶ ፔል ግራንት የተባለውን የፌዴራል መንግሥት ርዳታ የሚያገኝ ተማሪ በ2025–26 የትምህርት ዘመን እስከ 7,395 ዶላር ይሰጠዋል፣ አይመለስም። በዲቪ መጥቶ ግሪን ካርድ የያዘም ማመልከት ይችላል። ነገር ግን ባችለር ዲግሪ ያለው ሰው ፔል አይሰጠውም፣ ዲግሪው የአዲስ አበባም ቢሆን። ሌላው፣ ፔል በዕድሜ ልክ ለ12 ሙሉ ሴሚስተሮች የሚሆን ብቻ ነው። ኮሌጅ ውስጥ በማይቆጠር ክላስ የተበላው ሴሚስተር ዩኒቨርሲቲ ላይ ይጎድላል። በኤፍ-1 (የተማሪ) ቪዛ የመጣ ተማሪ ይህን የፌዴራል ርዳታ አያገኝም። እሱ ሲዛወር የኢሚግሬሽን መዝገቡም አብሮት መዛወር አለበት፣ አይ-20 የሚባለውን የተማሪ ቪዛ ቅጽም አዲስ ከዩኒቨርሲቲው ያወጣል።

የአሶሺየት ዲግሪው ዓይነትም መታየት አለበት። አሶሺየት ኦፍ አርትስና አሶሺየት ኦፍ ሳይንስ ለትራንስፈር የተሠሩ ናቸው። አሶሺየት ኦፍ አፕላይድ ሳይንስ ግን ቶሎ ሥራ ለመግባት ነው፤ ብዙዎቹ ክላሶቹ ዩኒቨርሲቲ ላይ ቦታ የላቸውም። ነርሲንግ ለየት ይላል። በሁለት ዓመቱ ዲግሪ ኤንክሌክስ የሚባለውን የነርስ ፈቃድ ፈተና ወስዶ አርኤን (ፈቃድ ያለው ነርስ) ሆኖ መሥራት ይቻላል፤ ከዚያ ለአርኤኖች ተብሎ በተዘጋጀ ፕሮግራም እየሠሩ ቢኤስኤን (የነርሲንግ ባችለር) መጨረስ። አንዳንድ ሆስፒታሎች ክፍያውን ያግዛሉ።

መንገዱ ይህን ያህል ክፍት ሆኖ የሚጨርሰው ጥቂት ነው። ኮሚኒቲ ኮሌጅ ከሚጀምሩት አብዛኞቹ ባችለር እንይዛለን ብለው ነው የሚገቡት። የተማሪዎችን ምዝገባ የሚከታተለው ናሽናል ስቱደንት ክሊሪንግሀውስ ከሚይዘው መረጃ እንደሚታየው ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚዛወሩት አንድ ሦስተኛ ገደማ ናቸው፤ በ6 ዓመት ውስጥ ባችለር የሚይዙት ከ100 ሰው 16 ያህሉ። ሥራ፣ ልጅ፣ የቤት ኪራይ አለ። በአንድ ሴሚስተር ሁለት ክላስ ብቻ የሚወስድ ሰው 60 ክሬዲት እስኪሞላ ዓመታት ይቆጠራሉ።

የገባውም ቢሆን መጀመሪያ ላይ ይንገዳገዳል። በአብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች ክሬዲቱ እንጂ ጂፒኤው አብሮ አይሻገርም። ኮሌጅ ላይ 3.8 የነበረው ተማሪ ከዜሮ ይጀምራል፣ ያውም በከባዶቹ የሦስተኛ ዓመት ክላሶች። የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት መውረዱ የተለመደ ስለሆነ ትራንስፈር ሾክ የሚል ስም ወጥቶለታል። አብዛኛው በሚቀጥለው ሴሚስተር ያገግማል።

ስመ ጥሮቹ የግል ዩኒቨርሲቲዎች በር ለረጅም ጊዜ ጠባብ ነበር። ፕሪንስተን በ1990 ትራንስፈር መቀበል አቁሞ እስከ 2018 ድረስ ዘግቶት ቆይቷል። ጎበዝ ለሆነና ገንዘብ ለሌለው ተማሪ የጃክ ኬንት ኩክ ፋውንዴሽን በዓመት እስከ 55,000 ዶላር የሚደርስ የትራንስፈር ስኮላርሺፕ ይሰጣል። ውድድሩ ብርቱ ነው፣ ማመልከቻው ግን በነፃ ነው።

አሶሺየቱን ሳይጨርሱ የተዛወሩም አልቀረባቸውም። በብዙ ግዛቶች ዩኒቨርሲቲ ላይ የተሠራውን ክሬዲት ወደ ቀድሞው ኮሌጅ መልሶ በመላክ የሁለት ዓመቱን ዲግሪ መውሰድ ይቻላል። የሚጠየቀው ሬጅስትራር ቢሮ ነው።