የብስክሌት ቫልቭ ምንድን ነው? ፓምፑ ሲነቀል "ፍስስ" የሚለውስ የማን ንፋስ ነው?

ድሬዳዋ ውስጥ ብስክሌት ያለው ሁሉ ፓምፕ የለውም፤ ፓምፕ ያለው ጎረቤት ግን አይጠፋም። በሁለት እግር ረግጠው በሁለት እጅ የሚጫኑት፣ ከሥሩ ጌጅ (የግፊት መለኪያ) ያለው ረጅሙ ፓምፕ ማለቴ ነው። ተውሶ የወሰደው ሰው ሲመልሰው የሚያሰማው ቅሬታም ያው ነው፤ "ሞልቼ ሞልቼ፣ ስነቅለው ይወጣብኛል!" ብዙውን ጊዜ የወጣው ያ የተለፋበት ንፋስ አይደለም። አንዳንዴ ግን ነው። ሁለቱን ለመለየት ቫልቩ ውስጥ ምን እንዳለ ማየት ይበቃል።

ቫልቭ ወደ ውስጥ ብቻ የሚከፈት በር ነው። በሩን ዘግቶ የሚይዘው በዋናነት ካላማዳሪያው ውስጥ የታመቀው ንፋስ ራሱ ነው፤ ከውስጥ እየገፋ ያሽገዋል። ስለዚህ ጎማው በጠነከረ ቁጥር ቫልቩም ይጠብቃል። ከውጭ ለመክፈት ያለው መንገድ ሁለት ነው፤ ወይ ፓምፑ ከውስጡ የበለጠ ግፊት ያመጣል፣ ወይ አንድ ነገር በሩን በግድ ገፍቶ ይይዘዋል። ልዩነቱ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት ቫልቮች ሦስት ዓይነት ናቸው። በብዙዎቹ የማውንቴን ብስክሌቶች ላይ ያለው ወፍራሙ፣ ሰው "የመኪና ቫልቭ" የሚለው፣ ሽሬደር ይባላል። አሜሪካ ውስጥ በ1893 የባለቤትነት መብት የተሰጠው ነው፤ ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ውስጡ ሞላ እና መርፌ አለው። ባጃጁም መኪናውም ይህንኑ ስለሚጠቀሙ ጎሚስታ ቤት ያለው ኮምፕሬሰር በቀጥታ ይገጥመዋል። ሁለተኛው የድሮዎቹ የቻይናና የሕንድ ብስክሌቶች ቫልቭ ነው፤ ዉድስ ወይም ደንሎፕ ይሉታል። በነባሩ ዓይነት፣ በውስጡ ባለው ቀጭን ቱቦ ላይ የጎማ እጅጌ ይለበሳል፤ ንፋሱ እጅጌውን ነፍቶ ያልፋል፣ እጅጌው ተመልሶ ይጣበቃል። ሦስተኛው ቀጭኑ፣ 6 ሚሊ ሜትር የሆነው የእሽቅድምድም ብስክሌት ቫልቭ፣ ፕሬስታ ነው። ሞላ የለውም፤ ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ዳዶ ካልላላች ንፋስ አይቀበልም።

አሁን የፓምፑን አፍ እንግጠም። በመኪና ቫልቭ ላይ፣ በፓምፑ አፍ መሃል ያለው ጥርስ የቫልቩን መርፌ ይጫናል። በሩ በግድ ተከፍቶ ይቆያል ማለት ነው። የጎማው ንፋስ ወደ ፓምፑ ቱቦ ይፈስና እዚያ ይቆማል፤ እንዳያልፍ የሚያግደው በፓምፑ ሥር ያለ ሌላ የራሱ ቫልቭ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ሳትነፉ ጌጁ ቁጥር የሚያሳየው ለዚህ ነው። በፕሬስታና በዉድስ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በሩን የሚገፋ ጥርስ የለም፤ የመጀመሪያው ምት ከውስጡ ግፊት እስኪበልጥ ድረስ ጌጁ ስለ ጎማው የሚናገረው የለም። የጌጁ መርፌ ዜሮ ላይ ተኝቶ "ጎማው ባዶ ነው" ብላችሁ አትደንግጡ።

ከዚህ የሚከተለው ቁምነገር ይኸው ነው። ፕሬስታ ወይም ዉድስ ላይ ፓምፑን ስትነቅሉ የሚሰማው "ፍስስ" በቱቦው ውስጥ የቀረው ንፋስ ነው፤ ጎማው ቀድሞ ተዘግቷል። የመኪና ቫልቭ ላይ ግን ጥርሱ ከመርፌው ላይ እስኪነሳ ድረስ ከጎማውም ጥቂት ይወጣል። እዚያም ቢሆን ብዙው ድምፅ የቱቦው ነው። ቱቦው አንድ ሜትር ርዝመት፣ 5 ሚሊ ሜትር የውስጥ ስፋት ቢኖረው የሚይዘው ወደ 20 ሚሊ ሊትር ነው፤ የማውንቴን ጎማ የሚይዘው ደግሞ በሊትር ነው። ጎረቤቴ የሆነው ጎሚስታ ይህን ሁሉ ሂሳብ ሳይነካ ለሚጨቃጨቀው ልጅ "አቦ፣ ተወው፣ የፖምፓው ነው" ብሎ ይዘጋዋል። ልክ ነው።

እውነተኛው ብክነት በብዛት የሚደርሰው ሲነቀል ሳይሆን ሲገጠም ነው። አፉ ጠምሞ ወይም በከፊል ከገባ ጥርሱ መርፌውን ይጫናል፣ በፓምፑ አፍ ውስጥ ያለው የጎማ ቀለበት፣ ጎሚኒው፣ ግን ዙሪያውን አላሸገም፤ ያን ጊዜ የሚወጣው የጎማው ንፋስ ነው። ስለዚህ ቫልቩን ከላይ አምጡት። በአንድ እጅ ጎማውን ከውጭ፣ ልክ ቫልቩ ባለበት በኩል፣ ወደ ቸርኬው ጫን አድርጋችሁ ያዙት፤ አለበለዚያ ገና ያልተነፋ ካላማዳሪያ ቫልቩን ወደ ውስጥ ይሰበስበዋል። አፉን ቀጥ አድርጋችሁ እስኪደርስ ግፉት፣ ከዚያ በአፉ ላይ ያለውን መቆለፊያ ቆልፉ። መቆለፊያው ጎሚኒውን ጨምቆ ስለሚያሳብጠው ነው ቫልቩን ጥርቅም አድርጎ የሚይዘው። በአንዳንዱ ፓምፕ የሚቆለፈው ወደ ላይ፣ በአንዳንዱ ወደ ታች ነውና ያለ ጎማ አንዴ ሞክራችሁ ጎሚኒው ሲጠብ እዩ። ሲያልቅ መቆለፊያውን መጀመሪያ ፈትታችሁ በአንድ ጊዜ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ግራ ቀኝ እያወዛወዙ ማውጣት የፕሬስታን መርፌ ያጣምማል፣ ቫልቩ ከካላማዳሪያው ጋር የተጣበቀበትንም ሥር ይቀድዳል።

ፕሬስታ ላለው አንድ ነገር ልጨምር፤ ዳዶዋን ካላላችሁ በኋላ ጫፏን በጣት አንዴ ነካ አድርጉ። ትንሽ ይተነፍሳል፣ የተጣበቀው ይላቀቃል። ይህን የዘነጋ ሰው የመጀመሪያው ምት እንደ ድንጋይ ይሆንበታል፣ የጌጁ መርፌም ይዘላል፤ ጎማው ግን ምንም አልገባለትም።

ጎሚኒ ደግሞ ያልቃል። በተለይ የድሬ ፀሐይ ላይ በረንዳ ውሎ የሚያድር ፓምፕ ጎሚኒው ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ አዲስ ፓምፕ ከመግዛት በፊት እሱን አውጥቶ ገልብጦ መመለስ ብዙ ጊዜ ይሠራል። የቆዳ ፒስተን ያለው አሮጌ ፓምፕ ከሆነ ቆዳውን በጥቂት ዘይት ማራስ ነፍስ ይዘራበታል። ዘይቱን ጎሚኒው ላይ ግን አትቀቡ፣ ጎማ በዘይት ይበላሻል። ፓምፑ ከጎማው ጋር እንደተገጠመ መያዣው ብቻውን ወደ ላይ ከተነሳ ጥፋቱ የቫልቩም የአፉም አይደለም፤ በፓምፑ ሥር ያለው የራሱ ቫልቭ አልዘጋም።

ደንገጎን ወጥተው ሐረር የሚደርሱ ልጆች "እዛ ስንለካው ይለያል ወይ?" ይላሉ። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ናቸው። ከላይ የውጭ አየሩ ስለሚሳሳ ጌጁ በ1 ፒኤስአይ (ጌጁ ላይ የሚነበበው የግፊት መለኪያ አሃድ) ገደማ ከፍ ማለት ነበረበት። ግን ሐረር ይቀዘቅዛል፤ በ40 ፒኤስአይ የተሞላ ጎማ በ5 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ወደ 1 ፒኤስአይ ያጣል። ተጣፍተው ቁጥሩ ብዙም አይነቃነቅም። የምትሞሉት ልክ የጎማው ጎን ላይ ተጽፏል፤ ኮምፕሬሰር ስትጠቀሙ በተለይ እሱን አትለፉ፣ የብስክሌት ጎማ በሰከንዶች ሞልቶ ይፈነዳል።

ፓምፑ ከተነቀለ በኋላም ጎማው እየቀነሰ ከሄደ ቫልቩን መጠርጠር ተገቢ ነው። ጣት ላይ ምራቅ አድርጋችሁ የቫልቩን አፍ ሸፍኑት፤ አረፋ ከተነሳ ያፈስሳል። የመኪና ቫልቭ ከሆነ ውስጡን በቫልቭ መፍቻ ጠበቅ ማድረግ፣ ካልሆነ መቀየር። ዉድስ ከሆነ መጀመሪያ ዳዶውን አጥብቁ፣ ቀጥሎ እጅጌዋን ለውጡ። አረፋው የሚነሳው ቫልቩ ከካላማዳሪያው ጋር በተጣበቀበት ሥሩ ላይ ከሆነ ግን ማስቲሽ አያዋጣም፤ ካላማዳሪያው ይቀየራል።