ራስ ላፋን፦ የጋዙ ባለቤት ማን ነው፣ የሚያሠራውስ?

ራስ ላፋን ከዶሃ ወደ ሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቅ የኳታር ወደብና የኢንዱስትሪ ከተማ ነው። ከባህር ወለል ሥር የወጣ የተፈጥሮ ጋዝ በቧንቧ እዚህ ይደርሳል። ይጣራል። ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ ይቀዘቅዝና ፈሳሽ ይሆናል። ያኔ የሚይዘው ቦታ በ600 እጥፍ ገደማ ስለሚያንስ በመርከብ ተጭኖ ጃፓንም እንግሊዝም ይደርሳል። ኤልኤንጂ የሚባለው ይኸው ነው።

እያንዳንዱን የማቀዝቀዣ መስመር የሙያው ሰዎች «ትሬን» ይሉታል። ሰሞኑን ከተያዘው ማስፋፊያ በፊት ራስ ላፋን ላይ 14 ትሬኖች ነበሩ። በዓመት 77 ሚሊዮን ቶን ያመርቱ ነበር። የዚህ ሁሉ ባለቤት ማን ነው ብሎ የጠየቀ ሰው ግን በአንድ ቃል መልስ አያገኝም። «የትኛው ትሬን?» ይባላል። ቀጥሎ «ጉድጓዱ ነው ፋብሪካው?» ይባላል። ማን ያሠራዋል የሚለው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው። እዚህ ባለቤትና አሠሪ አንድ አይደሉም። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያልተፈለገው ጋዝ

የራስ ላፋን ጋዝ የሚወጣበትን፣ ኖርዝ ፊልድ የሚባለውን ግዙፍ የጋዝ ክምችት ሼል በ1971 አገኘው። ሼል ሲቆፍር የነበረው ዘይት ፍለጋ ነበር። ጋዝ ሲወጣ ማንም አልጨፈረም። በዚያን ጊዜ ከገበያ ሩቅ የሆነ ጋዝ ዋጋ አልነበረውም። ዘይት በርሜል ውስጥ ገብቶ የትም ይሄዳል። ጋዝ ግን ወይ ቧንቧ ይፈልጋል ወይ ማቀዝቀዣ ፋብሪካ፣ ሁለቱም ብዙ ገንዘብ ይበላሉ።

ኳታር የራሷን የነዳጅ ኮርፖሬሽን ያቋቋመችው በ1974 ነው። ይህ ድርጅት በኋላ ኳታር ፔትሮሊየም ተባለ፤ ከ2021 ወዲህ ደግሞ ኳታር ኢነርጂ ይባላል። በ1984 ኳታርጋዝ የተባለው ኩባንያ ተመሠረተ። የውጭ ሸሪኮቹ የእንግሊዙ ቢፒና የፈረንሳዩ ቶታል ነበሩ። ቢፒ በ1992 ጥሎ ወጣ። ቦታውን ሞቢል በ10 በመቶ ድርሻ ወሰደው። እኔ እስከማውቀው በነዳጁ ዓለም እንዲህ ያለ ውድ ስንብት ብዙ የለም። ሞቢልን የዋጠው ኤክሰን ሞቢል በኋላ በኳታር ጋዝ ከውጭ ኩባንያዎች ሁሉ ትልቁ ባለድርሻ ሆነ።

በዚያው በ1992 ቹቡ ኤሌክትሪክ የተባለ የጃፓን የመብራት ኩባንያ በዓመት 4 ሚሊዮን ቶን ለ25 ዓመት ለመግዛት ፈረመ። የጉዳዩ ቁልፍ ይህ ፊርማ ነው። ባንክ ለጋዝ አያበድርም፤ ለተፈረመ የረጅም ጊዜ ግዢ ግን ያበድራል። ገዢው ቢወስድም ባይወስድም የሚከፍልበት ውል በእጅ ካለ ፋብሪካው በብድር ይሠራል፣ ብድሩም ከሽያጩ ይከፈላል። የመጀመሪያው መርከብ በዲሴምበር 1996 ራስ ላፋንን ለቀቀ። በቀጣዩ ወር ጃፓን ደረሰ።

ሁለት የድርሻ ሰንጠረዥ

የመጀመሪያው ኳታርጋዝ ላይ አንድ የሚገርም ነገር ነበር። ጋዙን ከባህር የሚያወጣው ሽርክናና ጋዙን የሚያቀዘቅዘው ፋብሪካ ሸሪኮቻቸው አንድ ነበሩ። ድርሻቸው ግን አንድ አልነበረም። ጉድጓዱ ላይ ኳታር 65፣ ቶታል 20፣ ኤክሰን ሞቢል 10፣ የጃፓኖቹ ሚትሱይና ማሩቤኒ እያንዳንዳቸው 2.5 በመቶ ነበራቸው። ፋብሪካው ላይ ደግሞ ኳታር እዚያው 65 ላይ ነበረች። ኤክሰን ሞቢልም እዚያው 10 ላይ ነበር። ቶታል ወደ 10 ይወርድ ነበር፤ ሚትሱይና ማሩቤኒ እያንዳንዳቸው ወደ 7.5 ይወጡ ነበር።

ይህ ልዩነት የወረቀት ጣጣ ብቻ አይደለም። ትርፉ ጉድጓዱ ጋ ከተቆጠረ ቶታል ይጠቀማል። ፋብሪካው ጋ ከተቆጠረ ጃፓኖቹ ይጠቀማሉ። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው የጋዝ ሂሳብ ከማንኛውም ነገር በፊት በውል መታሰር ነበረበት። ለኳታርና ለኤክሰን ሞቢል ግን ግብርን ካልቆጠርን የትኛውም ቢሆን ያው ነው። ድርሻቸው በሁለቱም ቦታ እኩል ነውና።

ከኳታርጋዝ ቀጥሎ ሁለተኛው የኩባንያዎች ቤተሰብ ራስጋዝ ነው። በ1993 ተቋቋመ። የመጀመሪያዎቹ ትሬኖቹ ባለድርሻዎች ኳታር 63፣ ኤክሰን ሞቢል 25፣ የኮሪያው የጋዝ ኩባንያ ኮጋስ ወገን 5፣ የጃፓኖቹ ኢቶቹ 4፣ ኤልኤንጂ ጃፓን 3 በመቶ ነበሩ። ኮጋስ ዋናው ገዢም ነበር። ገዢም ሻጭም ሆኖ መቀመጥ ማለት ነው። ዋጋ ሲወደድ በገዢነቱ ይጎዳል፣ በባለድርሻነቱ ትንሽ ይካሳል። 5 በመቶ ግን ብዙ አያስተዛዝንም። የድርሻው ዋና ጥቅም ሂሳቡን ከውስጥ ሆኖ ማየት ይመስለኛል።

ከዚያ ሜጋ ትሬኖች መጡ። እያንዳንዳቸው በዓመት 7.8 ሚሊዮን ቶን ያመርታሉ። ኳታር ለእያንዳንዱ ቡድን አዲስ ኩባንያ አቋቋመች። ኳታርጋዝ 3 ላይ የአሜሪካው ኮኖኮ ፊሊፕስ 30፣ ሚትሱይ 1.5 በመቶ ወሰዱ። ኳታርጋዝ 4 ላይ ሼል 30 በመቶ ያዘ። መጀመሪያ ጋዙን ያገኘው ሼል ማለት ነው፣ ዞሮ ዞሮ በሌላ በር ገባ።

አወቃቀሩ ከኮንዶሚኒየም ግቢ ጋር ይመሳሰላል። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ባለቤት አለው። ደረጃው፣ የውሃ ታንከሩና የግቢው በር ግን የጋራ ነው። ራስ ላፋን ላይም ማከማቻ ታንኮችና የመርከብ መጫኛዎች በጋራ ያገለግላሉ፤ ትሬኖቹ ግን የየራሳቸው ባለቤትና የየራሳቸው ብድር አላቸው። የአንዱ ብድር ቢበላሽ ባንኩ የጎረቤቱን ገቢ አይነካም። ለየብቻ ማዋቀር የተፈለገው በዋናነት ለዚህ ነው።

የአንድ ጭነት ጉዞ

ጉዳዩን በአንድ መርከብ እንየው። ሞዛ የምትባለው መርከብ በ2008 ከኮሪያው ሳምሰንግ የመርከብ ፋብሪካ ወጣች። ኪው ማክስ ከሚባሉት ግዙፎች የመጀመሪያዋ ናት። 266 ሺህ ሜትር ኩብ ትይዛለች። የመርከቧ ባለቤት በ2004 የተቋቋመው ናቂላት የተባለው የኳታር ኩባንያ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን የሚያንቀሳቅሳት የሼል የመርከብ ክፍል ነበር። ጭነቱ ደግሞ የሁለቱም አይደለም።

መርከቧ በኳታርጋዝ 2 ጋዝ ተሞልታ ዌልስ ውስጥ ሚልፎርድ ሄቨን ወደሚገኘው ሳውዝ ሁክ ተርሚናል ትሄዳለች እንበል። ኳታርጋዝ 2 ሁለት ትሬን አለው። ትሬን 4 ኳታር 70፣ ኤክሰን ሞቢል 30 ነው። ትሬን 5 ኳታር 65፣ ኤክሰን ሞቢል 18.3፣ ቶታል 16.7 ነው። ጋዙን እንደገና ወደ አየርነት የሚመልሰው የዌልሱ ተርሚናልስ? ኳታር 67.5፣ ኤክሰን ሞቢል 24.15፣ ቶታል 8.35።

እነዚህ ቁጥሮች ከየት መጡ? ካልኩሌተር ይዛችሁ ሞክሩት። 70ንና 65ን ደምሮ ለሁለት ማካፈል 67.5 ይሰጣል። 30ና 18.3 ለሁለት ሲካፈል 24.15። ዜሮና 16.7 ደግሞ 8.35። የተርሚናሉ ድርሻ የሁለቱ ትሬኖች ድርሻ አማካይ ነው። ከባህሩ እስከ ዌልስ ድረስ አንዱ ሸሪክ ሌላውን ዋጋ እንዳይጎትትበት ሰንሰለቱ በአንድ ሚዛን ተሰፍሯል። በመጀመሪያው ኳታርጋዝ የተጀመረው የሁለት ሰንጠረዥ ዘዴ እዚህ ላይ በደንብ ታርሟል።

አሠሪው

የሚያሠራው ኩባንያ ጋዝ አይሸጥም፣ ትሬን የለውም። ባለቤቶቹን ወክሎ ፋብሪካውን ያንቀሳቅሳል፣ ይጠግናል፣ የመርከቦችን ተራ ያወጣል፣ ወጪውን በየድርሻው ያካፍላል። መሐንዲሶቹ ከፊሎቹ ከባለድርሻ ኩባንያዎች በውሰት የመጡ ናቸው። ደመወዙ ከአሠሪው፣ የወደፊት እድገቱ ደግሞ ሂዩስተን ወይም ፓሪስ ካለው ከላከው ኩባንያ የሆነ ሰው ስብሰባ ላይ ለማን እንደሚያደላ መገመት አያቅትም። ስለዚህ ትልልቅ ውሳኔዎች፣ ማለትም ዓመታዊ በጀት፣ ትልቅ ግዢ፣ ረጅም ጥገና፣ ወደ ባለድርሻዎች ቦርድ ይወጣሉ።

ለረጅም ጊዜ ሁለት አሠሪዎች፣ ኳታርጋዝና ራስጋዝ፣ ጎን ለጎን ሠርተዋል። በአንድ ወደብ ላይ ሁለት የሰው ኃይል ክፍል፣ ሁለት የዕቃ ግምጃ ቤት፣ ሁለት ዋና ሥራ አስፈጻሚ። ኳታር በ2016 መጨረሻ ይዋሃዱ አለች። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2018 ጀምሮ ራስጋዝ ወደ ኳታርጋዝ ገባ። በ2023 ስሙ ኳታር ኢነርጂ ኤልኤንጂ ሆነ። በዚህ ሁሉ ውስጥ የአንድም ትሬን የድርሻ ሰንጠረዥ አልተነካም። አሠሪው ተቀየረ፣ ባለቤቶቹ እዚያው ናቸው።

ውሉ ሲያልቅ

የባለቤቱ ለውጥ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። የመጀመሪያው ኳታርጋዝ የሽርክና ውል በ2021 መጨረሻ አበቃ። ኳታር ውሉን አላደሰችም። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ሦስቱ የመጀመሪያ ትሬኖች 100 በመቶ የኳታር ኢነርጂ ሆኑ። ይህ ውርስ አይደለም፤ ክስም ጭቅጭቅም አልነበረም። ቀኑ ከመጀመሪያው ውሉ ላይ ነበር። ቶታልም ሚትሱይም ሲፈርሙ ያውቁታል።

በዚያው ጊዜ የኖርዝ ፊልድ ምሥራቅ ማስፋፊያ እየተገነባ ነበር። እያንዳንዳቸው 8 ሚሊዮን ቶን የሚያመርቱ አራት ትሬኖች ናቸው። ወጪው 28.75 ቢሊዮን ዶላር ነው። ኳታር በፌብሩዋሪ 2021 ግንባታውን የወሰነችው ሸሪክ ሳትመርጥ ነው። ሸሪኮቹ የመጡት በ2022 ነው፤ ቶታል ኢነርጂስ፣ ኤክሰን ሞቢልና ሼል እያንዳንዳቸው 6.25፣ የጣሊያኑ ኤኒና ኮኖኮ ፊሊፕስ እያንዳንዳቸው 3.125 በመቶ ወሰዱ። ድምሩ 25 ነው። ቀድሞ 30 እና 35 በመቶ ለውጭ ሰው ትለቅ የነበረች አገር አሁን ሩቡን ብቻ ለአምስት አካፈለች።

በ1984 ሸሪክ የተፈለገው ለገንዘብ፣ ለሙያና ለገበያ ነበር። በ2022 ገንዘቡም ሙያውም ቤት ውስጥ አለ። የቀረው ገዢ ነው። ለዚህም ይመስላል ቻይናዎቹ ሲኖፔክና ሲኤንፒሲ በ2023 የገቡት። እያንዳንዳቸው ለ27 ዓመት 4 ሚሊዮን ቶን በዓመት ሊገዙ ፈረሙ። ከአንድ ትሬን 5 በመቶ ድርሻም አገኙ። የኮጋስ ዘዴ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ሌሎች እንዴት አደረጉት?

ናይጄሪያ በተቃራኒው ሄዳለች። ቦኒ ደሴት ላይ ያለው ናይጄሪያ ኤልኤንጂ አንድ ኩባንያ ነው። ስድስቱም ትሬን የእሱ ነው፣ የሚያሠራውም ራሱ ነው። የመንግሥቱ ኤንኤንፒሲ 49፣ ሼል 25.6፣ ቶታል 15፣ ኤኒ 10.4 በመቶ አላቸው። መንግሥት ከግማሽ በታች ነው። ትልቁ ባለድርሻ ሆኖም ብቻውን ማዘዝ አይችልም። ጋዙን የሚሸጡለትም እነዚሁ ኩባንያዎች በሌላ ሽርክናቸው በኩል ናቸው።

አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የጋዙና የፋብሪካው ባለቤት ጭራሽ የተለያዩ ናቸው። ቴክሳስ ያለው ፍሪፖርት የተባለው ፋብሪካ የማቀዝቀዝ አገልግሎት ይሸጣል፤ እህል እንደሚፈጭ ወፍጮ ቤት ማለት ይቻላል። ደንበኛው የራሱን ጋዝ አምጥቶ የአገልግሎት ዋጋ ይከፍላል። ሉዊዚያና ውስጥ ሳቢን ፓስ ላይ ደግሞ ቼኒየር የተባለው ኩባንያ ጋዙን ራሱ ይገዛል። በመጀመሪያዎቹ ውሎች ገዢው የአሜሪካን የጋዝ ዋጋ 115 በመቶ ይከፍላል፤ በዚያ ላይ ቋሚ ክፍያ ይጨምራል። ጭነቱን ቢሰርዝም ቋሚው ክፍያ አይቀርም። በ2020 ገበያው ሲወድቅ ብዙ ገዢዎች ጭነት ሰርዘው ያንን ቋሚ ክፍያ ከፍለዋል። ኳታር ራሷም ቴክሳስ ውስጥ ጎልደን ፓስ በተባለው ፋብሪካ ላይ 70 በመቶ ይዛለች፤ 30ው የኤክሰን ሞቢል ነው።

ካሉብ

የእኛም አገር ስም በዚህ ዝርዝር ውስጥ መግባት ጀምሯል። በሶማሌ ክልል ካሉብና ሂላላ ላይ ጋዝ መኖሩ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። ፖሊ ጂሲኤል የተባለው የቻይና ኩባንያ በ2013 የምርት ክፍፍል ውል ፈረመ። ሐሳቡ በቧንቧ ወደ ጅቡቲ ወስዶ ዳመርጆግ ላይ ማቀዝቀዝ ነበር። ሳይሆን ቀርቶ ፈቃዱ በ2022 ተሰረዘ። በኦክቶበር 2025 ግን በቻይናው ጂሲኤል በኩል ካሉብ ላይ የመጀመሪያው ምዕራፍ ተመረቀ። የሚያመርተው በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ ነው። ሞዛ በአንድ ጉዞ 266 ሚሊዮን ሊትር እንደምትይዝ አስታውሱ። የዓመቱ ምርት የአንዷን መርከብ ግማሽ አይሞላም። ለአገር ውስጥ ገበያ የታሰበ ፋብሪካ ነውና ከራስ ላፋን ጋር ማወዳደሩም አይገባም።

በሕገ መንግሥቱ መሠረት ከመሬት በታች ያለው ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ድርሻ የሚባለው ነገር የሚጀምረው ከጉድጓዱ አፍ ወዲህ ነው። በኦገስት 2025 ጎዴ ላይ ለሚሠራው የማዳበሪያ ፋብሪካ በተፈረመው ስምምነት ዳንጎቴ 60፣ የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ 40 በመቶ ይይዛሉ። ግብዓቱ የካሉብና የሂላላ ጋዝ ነው። አንዱ ወገን ጋዝ ያወጣል፣ ሌላው ወገን ማዳበሪያ ይሠራል። በሁለቱ መካከል ባለው ቧንቧ የሚያልፈው ጋዝ ስንት ይሸጣል የሚለው፣ ቶታልና ጃፓኖቹ ከ30 ዓመት በፊት የተደራደሩበት ዓይነት ጥያቄ ነው።