ስለ ፓይተን ሄልፕ በተሳሳተ መንገድ የምናምናቸው ነገሮች

ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሚማሩ ብዙ ልጆች አንድ ፈንክሽን (ስም ያለው፣ አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) ግራ ሲያጋባቸው ኮንሶሉን፣ ማለትም ትእዛዝ የሚጽፉበትን መስኮት፣ ትተው ወደ ጎግል ይሮጣሉ። መልሱ እኮ እዚያው ነው። ሄልፕ ብላችሁ፣ በቅንፍ ውስጥ የፈንክሽኑን ስም ጽፋችሁ፣ ኢንተር መጫን ነው። ሰው እንዳይጠቀምበት የሚያደርጉት የተሳሳቱ እምነቶች እነዚህ ናቸው።

«ያለ ኔት አይሠራም»

ይሠራል! ሄልፕ የሚያነበው ከፓይተን ጋር አብሮ ኮምፒውተራችሁ ላይ የተጫነውን ጽሑፍ ነው፤ ዳታ ቢያልቅም ግድ የለውም። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ግን የሚያሳያችሁ እናንተ የጫናችሁትን ቨርዥን መሆኑ ነው። ኔት ላይ ያገኛችሁት መልስ ድጋፉ በ2020 እ.ኤ.አ. ላበቃው ፓይተን 2 የተጻፈ ሊሆን ይችላል። እዚያ ፕሪንት፣ ጽሑፍ ስክሪን ላይ የሚያወጣው ትእዛዝ፣ ያለ ቅንፍ ይሠራ ነበር፤ ፓይተን 3 ላይ ስህተት ነው።

«ፈንክሽኑን ከነቅንፉ ነው የምሰጠው»

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ሄልፕ ውስጥ ፕሪንትን ከነራሱ ቅንፍ ከጻፋችሁ ፓይተን መጀመሪያ ፕሪንትን ያስኬደዋል፤ ባዶ መስመር ያትምና ነን የሚባለውን፣ «ምንም የለም» ማለት የሆነውን ዋጋ ይመልሳል፤ ለሄልፕ የሚደርሰው ያ ስለሆነ የሚወጣላችሁም ማብራሪያ የነን ነው። ስሙን ብቻ ስጡት። ነገሩ ቀላል አይደለም፦ ፋይል የሚያጠፋ ፈንክሽን ከነፋይሉ ስም ጽፋችሁ ቢሆን ኖሮ፣ ማብራሪያውን ሳታነቡ ፋይሉ ሄዷል።

«ስክሪኑ ስታክ አደረገ»

አላደረገም። ጽሑፉ ረጅም ስለሆነ በገጽ በገጽ እየከፈለ ነው የሚያሳያችሁ። ስፔስ ወደፊት ይወስዳል፣ ኪው የምትባለዋ ፊደል ታስወጣለች። መስኮቱን አትዝጉት።

«እዝባሩና ኮከቡ ትርጉም የላቸውም»

አላቸው፣ በጣም! ሄልፕን ስለ ሶርትድ፣ ዝርዝር በቅደም ተከተል ስለሚደረድረው ፈንክሽን፣ ብትጠይቁት ቅንፉ ውስጥ መጀመሪያ የሚደረደረው ነገር፣ ከዚያ እዝባር፣ ከዚያ ኮከብ፣ ከዚያ ኪይ (በምን እንደሚደረደር) እና ሪቨርስ (ቅደም ተከተሉን የሚገለብጠው) ይመጣሉ። ከእዝባሩ በፊት ያለው በቦታው ብቻ ይሰጣል፣ ከኮከቡ በኋላ ያሉት ደግሞ በስማቸው ብቻ። ስለዚህ ዝርዝሩን ከሰጣችሁ በኋላ ዝም ብላችሁ ትሩ («አዎ» ማለት ነው) ብትጨምሩ ስህተት ይሰጣችኋል፤ ሪቨርስ እኩል ይሆናል ትሩ ማለት አለባችሁ። ይህን አንድ መስመር ማንበብ የቻለ ሰው ስንት ሰዓት ከማባከን ይተርፋል።

«ስሙን ካላወቅኩ ምን ዋጋ አለው» የሚሉም አሉ። ዲር የሚባለው ለዚህ ነው፦ አንድ ሞጁል (የተዘጋጁ ፈንክሽኖች የያዘ ፋይል) ስጡት፣ ውስጡ ያሉትን ስሞች ይዘረዝርላችኋል። እንደ ኢፍ እና ፎር ያሉትን የቋንቋውን የራሱ ቃላት ግን ሄልፕ ውስጥ በጥቅስ ምልክት አድርጉ፣ አለዚያ አይቀበላችሁም።

«ለራሴ ኮድ አይሆንም»

ይሆናል እንጂ። ፈንክሽኑ ከሚጀምርበት መስመር ቀጥሎ በሦስት ጥቅስ ውስጥ የምትጽፉት ዶክስትሪንግ ይባላል፤ ሄልፕ አንብቦ የሚያሳየው እሱን ነው። በአማርኛም መጻፍ ይቻላል፣ ፓይተን 3 ፊደላችንን ያለ ችግር ያነባል።